ሁሉም «ገብቶናል» ይላሉ፤ የሚሠሩት ግን ይለያያል። ትርጉም የሚኖረው የት ነው?

ማዕዶት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የአሠራር መመሪያና የሥልጠና ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለሃያ ሰው ይሰጣል። ቃላቱን ሁሉም ያውቋቸዋል፤ «ገባችሁ?» ሲባሉም «አዎ» ይላሉ። ወደ ሥራው ሲገቡ ግን ሦስት አራት ዓይነት ነገር ይሠራሉ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ትርጉሙ የጠፋው የት ላይ ነው? ቋንቋው ጋ፣ ጸሐፊው ጋ ወይስ አንባቢው አእምሮ ውስጥ? ሁለተኛ፣ ችግሩን ሥራ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያጋልጥ ዘዴ ካለ ከነአካሄዱ ብታስረዱኝ። «ግልጽ አድርገሽ ጻፊ» የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግልጽ መሆኑን የሚፈርደው ማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ልሳን፦

ሰላም ማዕዶት። ትርጉሙ መንገድ ላይ አልወደቀም፤ ከመጀመሪያውም አልተጫነም። «ሐሳቡን አስተላለፈ»፣ «መልእክቱ ደረሰኝ»፣ «ከባድ ትርጉም የያዘ ቃል» እያልን ስለምንናገር ቃል ማጓጓዣ፣ ትርጉም ደግሞ ጭነት ይመስለናል። የቋንቋ ተመራማሪው ማይክል ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ አነጋገር የት እንደሚያሳስተን አሳይቷል፤ እንዲህ ካሰብን ለተቀባዩ የሚቀረው ሥራ ጭነቱን ማራገፍ ብቻ ነው። የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነንም እ.ኤ.አ. በ1948 የመረጃ ማስተላለፍን ሒሳብ ሲያወጣ፣ የትርጉም ጉዳይ ከያዘው የምህንድስና ችግር ውጭ መሆኑን ገና ከመግቢያው ተናግሯል። የእሱን «ላኪ፣ መስመር፣ ተቀባይ» ሥዕል ለሰው ተግባቦት ማስተማሪያ ያደረጉት ብዙዎች ግን ይህችን ማሳሰቢያ ዘለዋታል።

ቃል ለእኔ ዱካ ነው። ዱካ እንስሳውን አልያዘም፤ ያየው ሰው ግን ከሚያውቀው ጋር አገናዝቦ ምን እንዳለፈና ወዴት እንደሄደ ይደርስበታል። አንባቢም እንዲሁ ነው። ከጽሑፉ የሚያገኘው ማስረጃ ነው፤ ትርጉሙን የሚሠራው ራሱ ነው።

የሚሠራበትን መንገድ በደንብ የቀመረው ፈላስፋው ፖል ግራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው ሥራው ላይ፣ ሰሚ ሁልጊዜ ተናጋሪው ተባባሪ ነው ብሎ እንደሚነሣ ያስረዳል፦ የሚበቃውን ያህል ይነግረኛል፣ እውነት ይነግረኛል፣ ከጉዳዩ አይወጣም፣ ነገሩን በቅጡ አድርጎ ያቀርበዋል ብሎ ያምናል። ከዚህ እምነት ተነሥቶ ያልተባለውን ይሞላል። መመሪያ ላይ ይህ የሚያመጣውን ጣጣ ተመልከቺ፦

«ቀዩን ቁልፍ አትንኩ» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢው «እንግዲያው ሌሎቹን መንካት ይቻላል» ብሎ ይደመድማል። አላልሽም፤ ግን ሁሉም ክልክል ቢሆን ኖሮ «ቁልፎቹን አትንኩ» ትይ ነበር ብሎ ያስባል። አስተሳሰቡ ትክክል ነው፤ የሚጎዳውም ትክክል በመሆኑ ነው።

«ማጣሪያውን አጽዱና ክዳኑን ፈትሹ» ካልሽ ደግሞ ቅደም ተከተል ይነበብበታል። አንቺ የፈለግሽው ሁለቱም እንዲሠሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን የተጻፈበትን ተራ የሥራው ተራ አድርጎ ይወስደዋል። ተራው ግድ ከሆነ «መጀመሪያ ማጣሪያውን አጽዱ፤ ከዚያ በኋላ…» በይ። ግድ ካልሆነም «በፈለጋችሁት ተራ» ብለሽ ጻፊው፤ ካልጻፍሽው ራሱ ይሞላዋል።

«ማሽኑ ከመፈታቱ በፊት ኃይሉ መጥፋት አለበት» የሚለውን ሳይ በጣም እሰጋለሁ። ማን ያጥፋ? አንባቢው «መጥፋት ያለበት ነገር ጠፍቶ ነው የተሰጠኝ» ብሎ ሊወስደው ይችላል። ድርጊት ያለ አድራጊ ሲጻፍ እያንዳንዱ አንባቢ አድራጊውን ከራሱ ውጭ ይፈልገዋል።

አሁን «አዎ፣ ገባን» ወደሚለው ልምጣ። ዳን ስፐርበርና ዲርድራ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰሚ ትርጉም የሚፈልገው ጥረት ከሚቀንስበት አቅጣጫ ጀምሮ ነው፤ የጠበቀውን ያህል የሚያረካ ትርጉም ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። እንግዲህ «ገባኝ» የሚለው ስሜት የሚመጣው ፍለጋው ሲያልቅ ነው። ያገኘው ትርጉም ያንቺ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት ምንም ምልክት ውስጡ የለም። ስለዚህ ሃያዎቹም «አዎ» ሲሉ አልዋሹሽም፤ ሁሉም የሆነ ነገር ገብቷቸዋል። ሰነፎች ናቸው ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ንባብ_ቤት፦

ልሳን ያለውን ከጊዜ አንጻር ልሙላው፤ ነገሩ የሚፈጸመው በሚሊሰከንድ ነውና።

አእምሮ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሙከራ፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ከሐሳቡ ጋር የማይገጥም ቃል ሲመጣ (ሰውየው ሞቅ ያለውን ዳቦ ካልሲ ቀባው እንደማለት) ቃሉ ከታየ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አገኙ። ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቃሉ ታውቆ፣ ከዐውዱ ጋር ተመዝኖ፣ እንግዳነቱ ተለይቷል ማለት ነው።

ንግግር ላይ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ በ10 ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። አንድን ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት ግን ዝግጅቱ ብቻ 600 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሒሳቡ የሚገጥመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ መላሹ መልሱን ማዘጋጀት የሚጀምረው አንቺ ሳትጨርሺ ነው። የዓረፍተ ነገርሽን ጭራ እየገመተ ነው የሚያዳምጥሽ።

ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ከባድ ጉዳይ ነው። የእኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው፤ አሉታውም የሚሰፋው እዚያው ግሡ ላይ ነው። «ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ መብራቱ ቀይ ሆኖ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ባለበት ሁኔታ በሩን በእጅ መክፈት የተከለከለ ነው» በሚለው ላይ አንባቢው «በሩን በእጅ መክፈት» ጋ ሲደርስ ድርጊቱን በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሷል። ክልከላው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጭራውን ላያነበው ይችላል። መፍትሔው ክልከላውን ማስቀደም ነው፦ «ክልክል፦ በሩን በእጅ መክፈት።» ወይም «በፍጹም» የሚለውን ከፊት አስገቢ፤ «በፍጹም በሩን…» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ አሉታ እንደሚከተል ያውቃል።

ሌላው ጥልቀት የሌለው ንባብ ነው። «ሙሴ ከእያንዳንዱ የእንስሳ ዓይነት ስንት ስንት ወደ መርከቡ አስገባ?» ተብለው የተጠየቁ ሰዎች፣ መርከቡ የኖኅ እንደሆነ እያወቁ «ሁለት ሁለት» ብለው ይመልሳሉ። ኤሪክሰንና ማትሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያጠኑት ነው። ሙሴም ኖኅም ከአንድ መጽሐፍ የወጡ ትልልቅ አባቶች በመሆናቸው ቃሉ ለጠቅላላው ሥዕል «ይበቃል» ተብሎ ያልፋል። ለመመሪያ ጸሐፊ ትምህርቱ ይህ ነው፦ የቆየ መመሪያ ላይ አንድ ቃል ብቻ ቀይረሽ ብታወጪ፣ አሮጌውን የሚያውቅ ሰው አዲሱን ቃል ሳያየው ያልፋል። ለውጡን ከላይ ለብቻው አውጥተሽ «የተለወጠው ይህ ነው፤ ቀድሞ እንዲህ ነበር» ብለሽ ጻፊው። ማድመቅ ብቻ አይበቃም።

ርእስንም አትናቂው። ብራንስፎርድና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ልብስ አጠባ የሚናገር፣ ግን ልብስ የሚል ቃል የሌለበት አንቀጽ ለሰዎች አነበቡ። ርእሱን አስቀድመው የተነገራቸው ገባቸው፤ አስታወሱትም። ርእሱ አንቀጹ ካለቀ በኋላ የተነገራቸው ግን ምንም ካልተነገራቸው የተሻሉ አልሆኑም። ቃላቱ ቀላል ነበሩ፤ የጎደለው የሚሰኩበት ቦታ ነው። «ይህ ክፍል ስለ… ነው፤ ሲጨርሱ… መሆን አለበት» የሚለው መስመር ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት ካልመጣ ጥቅሙ ይጠፋል።

ሰማዒ፦

ልሳን፣ ባልከው አብዛኛው እስማማለሁ፤ «ትርጉሙን የሚሠራው አንባቢው ነው» የሚለው ብቻውን ከተያዘ ግን ጸሐፊውን ነጻ ያወጣዋል። ቃልና ሰዋስው የጋራ ውል ናቸው። ዱካውም ቢሆን የጅብ ወይም የሚዳቋ ነው፤ እንደፈለጉ አይነበብም። ማዕዶት ከምትጠይቀው ጥፋት ብዙው ወደ አእምሮ ንድፈ ሐሳብ ሳንሄድ ጽሑፉ ላይ ሊታረም የሚችል ነው። አማርኛ ሲጻፍ የሚያሳስትባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉ፤ ሦስቱን ልዘርዝር።

አንደኛው መጥበቅና መላላት ነው። ስንናገር እንለየዋለን፤ ፊደላችን ግን አያሳየውም። በሰዋስው መጻሕፍት ከፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ ይደረጋል፤ በተለመደው ጽሑፍ የለም። «መግቢያው ላይ ያለው ሰው ሙቀት ይለካል» የሚለውን ውሰጂ። «ለ» ላልታ ከተነበበች ሰውየው ለኪ ነው፤ ጠብቃ ከተነበበች ሙቀቱ የሚለካው የእሱ ነው። ሁለቱም ጤናማ አማርኛ ናቸው። «ይሰማል»፣ «ይመታል» የሚሉትም እንዲሁ አድራጊና ተደራጊ ይሆናሉ። ጸሐፊዋ በልቧ አንዱን ድምፅ ብቻ እየሰማች ስለምትጽፍ ሁለተኛው ፈጽሞ አይታያትም። ማረሚያው ቀላል ነው፦ ተሳቢው ላይ «ን» ጨምሪ። «ሙቀትን ይለካል» ካልሽ ተደራጊ ንባቡ ይዘጋል። ወይም አድራጊውን አውጪው፦ «ሙቀት የሚለካው ጥበቃው ነው።»

ሁለተኛው የባለቤት መደበቅ ነው። ግሣችን ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ ስሙን ለመድገም እንሰስታለን። «ተቆጣጣሪው ሠራተኛውን ሲያገኘው ቅጹን እንዲሞላ ይንገረው፤ ከዚያ ይፈርምበታል።» ማን ይፈርም? ሁለቱም ተባዕት፣ ሁለቱም ነጠላ ናቸው፤ ግሡ አይለያቸውም። መመሪያ ላይ ስም መድገም ነውር አይደለም። ድርሰት ስንማር «ቃል አትድገሙ» የተባልነው እዚህ አይሠራም። አንድን ዕቃም መጀመሪያ «መክደኛ» ካልሽው እስከ መጨረሻው «መክደኛ» በይው፤ መሐል ላይ «ክዳን» ስትይው አንባቢ ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። ይህ ራሱ ልሳን ከጠቀሰው የግራይስ ሐሳብ የሚወጣ ነው፤ ስም ከተለወጠ ነገሩ ቢለወጥ ነው ብሎ ያስባል።

ሦስተኛው የሰው ቃል ስንጠቅስ የሚመጣው ነው። «ከበደ ሳራ አልጠራችኝም አለ።» ያልተጠራው ማን ነው? ከበደ ወይስ ይህን የሚያወራው? በአማርኛ «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» ስንል ጀግናው ጆን ነው፤ «ነኝ» ግን «እኔ»ን የሚያመለክት የአንደኛ መደብ ቃል ነው። በቋንቋ ፍልስፍና ይህ የኛ ዓረፍተ ነገር ስም ያለው ነው። ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሥራው «እኔ» እና «ዛሬ» የመሳሰሉ ቃላት ሁልጊዜ ከሚናገረው ሰውና ከሚነገርበት ጊዜ ጋር ይታሰራሉ፤ በሌላ ግሥ ሥር ቢገቡም አይዛወሩም ብሎ ነበር። ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ለመሞገት ካቀረባቸው ማስረጃዎች ዋናው የአማርኛው «ጀግና ነኝ ይላል» ነው። ለእኛ ዕለታዊ አነጋገር ነው፤ ለንድፈ ሐሳቡ ግን ትልቅ ፈተና ሆነ። ተግባራዊው ነጥብ፦ የፈረቃ ማስረከቢያ ወይም ሪፖርት ላይ የሰው ቃል ሲጠቀስ ወይ ትእምርተ ጥቅስ ይደረግ፣ ወይ በሦስተኛ መደብ ይዛወር፦ «ሳራ ከበደን እንዳልጠራችው ከበደ ተናግሯል።» «ነገ» እና «ዛሬ» ደግሞ በቀን ይተኩ። ጥቅሱ የተባለበትና የሚነበብበት ቀን ሲለያይ «ነገ» ሁለት ቀን ይሆናል።

ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነንና አንድ ቃል ሁለት መንገድ እንደሚሄድ ጠንቅቀን እናውቃለን። ቅኔ ላይ ግን ሰሚው ሁለተኛ ፍቺ እንዳለ አውቆ ይፈልገዋል። መመሪያ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ፍለጋ ውስጥ አይገባም፤ የመጀመሪያውን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ማዕዶት፦

በጣም አመሰግናለሁ። «ሙቀት ይለካል» የሚለው ቃል በቃል የእኔ ጽሑፍ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። አሁን የቀረኝ ማጋለጫው ነው። ጸሐፊዋ ሁለተኛውን ንባብ ካልሰማችው፣ አንባቢውም የተሳሳተ ትርጉም መያዙን ካላወቀው፣ ማን ያየዋል? «ገባችሁ?» እንደማይሠራ ገብቶኛል። በምን ልተካው?

አገናኝ፦

ማዕዶት፣ ከሁለቱም ወገን ውስጡን ማየት ስለማይቻል የሚታይ ነገር እንዲያወጡ ማድረግ ነው። መንገዱን ከመናገሬ በፊት ግን ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ መፍረድ የማይችልበትን ምክንያት ላስቀድም። ኤልዛቤት ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረገችው ሙከራ፣ አንዱ የታወቀ ዘፈን ምት በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ነበር። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ሆኑ። መቺው ጭንቅላት ውስጥ ዜማው እየተዘፈነ ነው፤ ለሰሚው የሚደርሰው ደረቅ ምት ነው። ዜማውን አውቆ እንደማያውቅ ሆኖ መስማት አይቻልም። ስለዚህ «ደግሜ አነበብኩት፤ ግልጽ ነው» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የሚያድናቸው እርማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ12 ቋንቋዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ተራ ጭውውት ውስጥ ሰሚ ተናጋሪውን የሚያስቆምበት የማስተካከያ ጥያቄ በአማካይ በየ1.4 ደቂቃው እንደሚመጣ አሳይቷል። «እ?»፣ «ማን?»፣ «የላይኛውን ማለትህ ነው?» የሚሉት ናቸው። ከሦስቱ መጨረሻ ያለው ይበልጣል፤ የተያዘውን ትርጉም ገልጦ ያሳያልና። ጽሑፍ ላይ ይህ ሁሉ የለም። አንቺ የምትሠሪው እነዚያን የማስተካከያ ጥያቄዎች ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ሰብስቦ መመለስ ነው።

እኔ የምመክረው አካሄድ እንዲህ ነው። አምስት ወይም ስድስት አንባቢ ፈልጊ፤ ጽሑፉን ሲዘጋጅ ያላዩ፣ ሥራውን የሚሠሩት ዓይነት ሰዎች ይሁኑ። የሥራ ባልደረቦችሽን አትውሰጂ። ኸርበርት ክላርክና ዲያና ዊልክስ‑ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሳይተያዩ 12 እንግዳ ቅርጾችን እየገለጹ እንዲደረድሩ ተደረገ። በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ቅርጽ በአማካይ 41 ቃል ያህል አስፈልጓቸው ነበር፤ በስድስተኛው ዙር 8 በቃቸው። ያ አጭር ስም ለሁለቱ ይሠራል፤ አብሯቸው ላልነበረ ሦስተኛ ሰው ግን እንቆቅልሽ ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ አሕጽሮተ ቃልም እንዲሁ በጋራ ታሪክ የተገኘ ነው፤ ባልደረባሽ ያለ ችግር ያነበዋል፣ አዲሱ ሰው አያነበውም።

አንባቢዎቹን አንድ በአንድ እንጂ በቡድን አትፈትኚ፤ በቡድን አንዱ ሲናገር ሌላው የራሱን ትቶ ይከተላል። ጽሑፉን በዝምታ ያንብብ። ከዚያ ጽሑፉን ተቀበዪውና ሥራውን እንዲሠራ አድርጊ። ዕቃው ከሌለ «አሁን አንድ ሰው ይህን ሲሠራ ብታየው ምን ሲያደርግ ታያለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ጽሑፉን መውሰዱ ግድ ነው። እያየ ከመለሰ ቃላትሽን መልሶ ያነብልሻል፤ የቃላት መመለስ ደግሞ የመረዳት ማስረጃ አይደለም። ዣክሊን ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳየችው ሰው የዓረፍተ ነገሩን ቅርጽ ከ80 ክፍለ ቃል በኋላ፣ ማለትም ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይረሳል፤ ሐሳቡ ግን ይቀረዋል። በራሱ ቃል ሲናገር የሚሰማሽ ያ የቀረው ሐሳብ ነው፤ አንቺም የምትፈልጊው እሱን ነው።

አጠያየቅሽ ላይ ተጠንቀቂ። ሎፍተስና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን ሲጠይቁ፣ «ሲላተሙ» በሚያሰኝ ኃይለኛ ቃል የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ፣ «ሲነካኩ» በሚል ለስላሳ ቃል የተጠየቁት 31.8 ማይል አሉ። ፊልሙ አንድ ነበር። «መጀመሪያ ኃይሉን ታጠፋለህ፣ አይደል?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱን ሰጥተሽዋል። «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» በቂ ነው። ሲሳሳትም አታርሚው፤ ዝም ብለሽ ጻፊ። ከስሕተቱ እኩል የሚጠቅምሽ ማመንታቱ ነው፤ ዓይኑ ወደ ላይኛው መስመር የተመለሰበትን፣ ሁለቴ ያነበበውን ቦታ ምልክት አድርጊበት። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ከተሰናከለ ጽሑፉ ይታረም፤ የአደጋ ጉዳይ ከሆነ አንድ ሰውም ይበቃል። ከታረመ በኋላ እንደገና ስትፈትኚ አዲስ አንባቢ ያስፈልግሻል፤ የቀድሞዎቹ ዜማውን ሰምተዋል።

በቃል የሚተላለፍ ትእዛዝ ላይ ደግሞ መልሶ ማስነገር አለ፤ ሕክምናና አቪዬሽን የሚሠሩበት ነው። ግን ምን እንደሚመለስ መወሰን አለበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ደሴት በቴኔሪፍ የኬኤልኤምና የፓን አም አየር መንገዶች ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው ሲሞት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ቋንቋ ነበር። ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም አውሮፕላን የሰጠው ከተነሣ በኋላ የሚሄድበትን መስመር ነው፤ በመልእክቱ ውስጥ ግን «መነሣት» የሚል ቃል ነበረበት። ረዳት አብራሪው መስመሩን መልሶ አነበበና መነሻው ላይ መሆናቸውን ጨመረ። ተቆጣጣሪው ይህን ቆመው የሚጠብቁ መስሎት «እሺ» አለ፤ አስከትሎም እንዲጠብቁ ተናገረ። ያ ቀጣዩ ቃል በዚያው ቅጽበት ከፓን አም አውሮፕላን ከመጣ መልእክት ጋር ተደራርቦ ጥርት ብሎ አልተሰማም። መልሶ ማንበብ ነበር፤ የተመለሰው ግን ጥያቄ ውስጥ ያለው ነገር አልነበረም። «እሺ» ደግሞ ሰማሁ፣ ተስማማሁ፣ ፈቀድኩ፣ ሁሉንም ትሆናለች። ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ንግግር ላይ «መነሣት» የሚለው ቃል ለትክክለኛው የመነሣት ፈቃድና ለፈቃዱ መሰረዝ ብቻ እንዲውል ተደረገ፤ ለሌላው ሁሉ ሌላ ቃል አለው። አንቺም በመመሪያሽ ውስጥ ሕይወት የሚያስይዙትን ሁለት ሦስት ቃላት ለይተሽ ለአንድ ነገር ብቻ አስቀምጫቸው፤ «እሺ»ንም ከተፈቀዱ መልሶች አውጪያት።

ማዕዶት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሥራ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ላምጣ፤ ሳትራሩ ንገሩኝ። «የግፊት መለኪያው ከ6 ባር በላይ ሲያሳይ ኦፕሬተሩ ቫልቩ ሳይከፈት ፓምፑን አያስነሣም፤ ለተቆጣጣሪው አሳውቆ ይጠብቃል።»

ሰማዒ፦

«አያስነሣም» ላይ እንጀምር። ይህ ሁለት ነገር ነው፦ ክልከላም ይሆናል፣ «አያስነሣም፤ ልማዱ አይደለም» የሚል ገለጻም ይሆናል። «ም»ን ስታነሺና «አያስነሣ» ስትይ ክልከላ ብቻ ይቀራል። «ሳይከፈት» ማን እንደሚከፍተው አይናገርም፤ ኦፕሬተሩ ራሱ ሊከፍተው ይነሣል። «ይጠብቃል» ደግሞ እስከ መቼ? ምንን? «ቫልቩን እንደ ዘበኛ ይጠብቃል» ማለት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። «ከ6 በላይ» ሲባልም ልክ 6 ላይ ምን እንደሚደረግ አልተነገረም፤ አንባቢ በ6 ማስነሣት ይቻላል ብሎ ይወስዳል። ካልተፈቀደ «6 ባርና ከዚያ በላይ» በይ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«መለኪያው 6 ባርና ከዚያ በላይ ካሳየ፦ ኦፕሬተሩ በፍጹም ፓምፑን አያስነሣ። ኦፕሬተሩ የሚያየውን ቁጥር ለተቆጣጣሪው በሬዲዮ ይናገር። ቫልቩን የሚከፍተው ተቆጣጣሪው ነው። ኦፕሬተሩ ፓምፑን የሚያስነሣው ተቆጣጣሪው ‹ቫልቩ ተከፍቷል› ካለና ኦፕሬተሩ ይህንኑ ቃል መልሶ ከተናገረ በኋላ ነው።»

ቫልቩን ማን እንደሚከፍተው የገመትኩት እኔ ነኝ፤ ካንቺ ጽሑፍ አይገኝም። ኦፕሬተሩ ከሆነ የሚከፍተው ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ይቀየራሉ።

ማዕዶት፦

የሚከፍተው ኦፕሬተሩ ነው፤ ተቆጣጣሪው ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ቫልቩ ጋ አይሄድም። ለካስ ይህን የትም አልጻፍኩትም። መስመሮቹን አስተካክዬ ለአምስት ሰው ከፈተንኩት በኋላ ያመነቱባቸውን ቦታዎች እዚሁ አመጣለሁ።

አገናኝ፦

ስታመጪ ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየው በራሱ አፍ የተናገረውን እንዳለ ጻፊልን፤ የትኛውን መንገድ እንደተከተለ የሚታየው ከአነጋገሩ ነው። ደግሞ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱን ልክ 6 ባር በሚያሳይ መለኪያ ፈትኛቸው።